በካነንግ ቤት ስለተያዘው ብቅል

የራፊን ዳዋ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ዴሉ ጋርባ
ዕድሜ፦ በግምት 60 (ምስክሯ “ታላቁ ድርቅ ሲገባ ስምንት ዓመቴ ነበር” ብላለች)
ሥራ፦ ኩኑ (የማያሰክር የማሽላ መጠጥ) አዘጋጅቶ መሸጥ
ሃይማኖት፦ ሙስሊም
አድራሻ፦ ሳቦን ጋሪ ሠፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከተጠርጣሪዋ ቤት ጋር አጥር የምትጋራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ፣ ማርች 22 ቀን 2025፣ የረመዳን 22ኛ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ
ተጠርጣሪ፦ ካነንግ ቾሎም፣ ዕድሜ 57
ጉዳዩ፦ የምክር ቤቱን ደንብ በመተላለፍ ብቅል ለሽያጭ ማዘጋጀት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ቢትሩስ ያኩቡ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ሳጅን ቢትሩስ አስረድቶኛል። ጾመኛ መሆኔን ረስቶ አንድ ብርጭቆ ውሃም አቅርቦልኝ ነበር፤ አመስግኜ መልሼለታለሁ። ከተጠርጣሪዋ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ዝምድና የለንም፣ ጠብ ግን በየጊዜው ነበረን፣ ሆኖም አንዱም ከሦስት ቀን አልፎ አያውቅም ብዬ መልሻለሁ። ሳጅኑ “ዝምድናም ጠብም የለኝም” ብሎ ሊያሳጥረው ሲል፣ እንደተናገርኩት እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። እዚህ የመጣሁት ያልኩት እንዲጻፍ እንጂ ሊባል የሚገባው እንዲጻፍ አይደለም።

ካነንግ ቾሎም የቤሮም ብሔረሰብ ሰው ነች። ባሏ በባቡር መንገዱ ሥራ ሲቀጠር ከደጋው አብራው መጥታ፣ እሱ ከሞተ በኋላም እዚሁ ቀርታለች። ክርስቲያን ነች፤ የእሑድ ጸሎት አታስታጉልም። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ቡሩኩቱ የሚባለውን የማሽላ ጠላ እየጠመቀች ትሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያው ማሽላ ኩኑ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ ረመዳን ሲገባ ሠፈሩ እህል ያዋጣል፣ እኔም በመስጊዱ ግቢ ጾመኛው የሚያፈጥርበትን ኩኑ አዘጋጃለሁ። በሁለታችን መካከል ያለው አንድ የጭቃ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲህ ለሚጾም፣ ከአጥሩ ወዲያ ለሚሰክር እንሠራ ነበር፤ ማሽላው ግን ከአንድ ነጋዴ ይመጣል።

ጠቡ የመጣው በልጄ ነው። ልጄ ማንሱር ሞተር ሳይክል እየነዳ ሰው ያመላልሳል። ለአምስት ዓመት ያህል ያገኘውን በካነንግ ቤት ይጠጣው ነበር። ሲብስበት ካነንግ ራሷ እጁን ይዛ አጥሩ ድረስ ታመጣውና “ዴሉ፣ ዕቃሽን ውሰጂ!” ብላ ትጣራለች። እኔም እየተራገምኩ ወጥቼ እወስደዋለሁ። አንድ ቀን ብስጭት ብሎኝ ግቢዋ ገባሁና አንድ ሙሉ ጋን ገለበጥኩባት። ትጮኻለች ስል፣ መሬቱን አየችና “አሁን አፈሩም ሰክሮ ሊሰድበኝ ነው” አለች። ሳላስበው አሳቀችኝ። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ሆነን እንደ ወትሯችን ስናወራ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሕጉ ወጣ። የመስጊዳችን ኢማም ማላም ላዋሊ ሽማግሌዎችን ይዘው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተርም ከእሳቸው ጋር ፈርመው፣ በራፊን ዳዋ ቡሩኩቱ እንዳይሸጥ ለአካባቢው ምክር ቤት አመለከቱ። ሁለቱ ሰዎች በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር ሕጉን ስሰማ እልል ብያለሁ። ማንሱር መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈለገ፣ አጣ፤ ከዚያ ተናደደ፤ ከዚያ ተወው። አሁን ሚስት አግብቷል፣ ሞተሩም የራሱ ነው። ስለዚህ ማላም ላዋሊን በየሶላቴ አመሰግናቸዋለሁ፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ይህ በቃሌ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ ነገ “ዴሉ የሕጉ ጠላት ነች” የሚል እንዳይመጣ።

ችግሩ አንድ ቃል ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ማላም ላዋሊ ተነስተው “እባቡን ከፈራችሁ እንቁላሉን ስበሩ፤ ጠላውን ብቻ ሳይሆን ብቅሉንም ከልክሉ” አሉ። ፓስተሩም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሰበሰቡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ድስት ጥዶ የሚያውቅ አንድ ሰው በመሀላቸው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ብቅል መሸጥ ክልክል ነው የሚለው ገባ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ሳጅን ቢትሩስ ብቅል ከኩኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቆኝ እንዲህ አስረድቻለሁ። ማሽላው ከዝንጅብልና ከቅርንፉድ ጋር ይፈጫል፤ ግማሹ በፈላ ውሃ ይገነፋል፣ ግማሹ ጥሬውን ይቆያል፤ ከዚያ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በዚህ ጊዜ አንድ እፍኝ የብቅል ዱቄት ካልገባበት ኩኑ ገንፎ ሆኖ ይቀራል። ብቅሉ ሲገባ ያቀጥነዋል፣ ያለ ስኳር ያጣፍጠዋል። ስኳር ያጣፍጣል እንጂ አያቀጥንም። ቀኑን ሙሉ ምራቁ የደረቀ ጾመኛ ደግሞ የሚፈልገው የሚወርድ ነገር ነው። ይህን በራፊን ዳዋ ኩኑ የምትሠራ ሴት ሁሉ ታውቃለች። የሚጠጣው ወንድ አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ብቅሌ ሻገተብኝ። አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳለቅስ ካነንግ አየችኝ። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ገባችና አንድ ሳህን ብቅል አምጥታ ሰጠችኝ። ያን ቀን መስጊድ ውስጥ ኩኑው አለቀ፣ ሰው ጣቱን ላሰ። ከዚያ ወዲህ የራሴን አብቅዬ አላውቅም። ካነንግ ማሽላውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላ ሦስት ቀን ታስተኛዋለች፣ ጧትና ማታ እጇን ሰድዳ ሙቀቱን ትለካለች፣ ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሳያልፍ አውጥታ ታሰጣዋለች። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ እሷም ይህንኑ ነግራኛለች፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

እስከ ሕጉ ድረስ ዋጋውን እከፍላት ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ረመዳን ገንዘቤን ይዤ ስሄድ አልቀበልም አለች። ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ “መሸጥ ክልክል ነው ብለዋል። መስጠትን ማን ከለከለ? እኔ ጋኖቼን ለዶሮ ሰጥቼ በኦቾሎኒ የምኖረው ሕግ ላለማፍረስ ነው፤ ደግሞ በአንቺ እፍኝ ብቅል ልፍረሰው? ስጦታ ነው፣ ውሰጂ።” እውነትም ጋኖቿ ውስጥ አሁን ዶሮዎች ይፈለፈላሉ። ኦቾሎኒ ቆልታ በመንገድ ዳር ትሸጣለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ በግቢዋ ጠላ ተጠምቆ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አንዲት ጠብታ አልተጠመቀም ብያለሁ። አፍንጫዬ ከአጥሩ በአንድ ክንድ ርቀት ነው የሚኖረው፤ አይሸወድም።

እኔም በምላሹ በየምሽቱ ለሷ አንድ ቅል ኩኑ በአጥሩ ላይ አቀብላታለሁ። “አትጾሚ፣ አትሰግጂ፣ ለማፍጠር ግን ቀዳሚ ነሽ” እላታለሁ። እሷም “ጾሙ የናንተ፣ ልፋቱ የኔ፤ ትንሽ ልቅመሰው እንጂ” ትለኛለች። ከዚህ ሌላ በመካከላችን የተሰጠም የተቀበለም የለም። ስለዚህ ሽያጭ አልነበረም።

አሁን የማፍርበትን እናገራለሁ። ሕጉ በወጣ ሰሞን ካነንግን “የመስጊዱ ኩኑ ብቅል ከአንቺ ቤት እንደሚመጣ ለማንም አትንገሪ” ብዬ አስምያታለሁ። ሰው ቢሰማ የመስጊድ ማፍጠሪያ ከጠማቂ እጅ ነው ይላል፣ እኔንም ከመስጊዱ ግቢ ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያ ግቢ ሌላ ክብር የለኝም። ባል የለኝ፣ ሀብት የለኝ፤ በረመዳን ግን ኢማሙም ነጋዴውም ኩሊውም ቅል ዘርግተው የሚቆሙት እኔ ፊት ነው። ካነንግ እጇን በመጽሐፍ ቅዱሷ ላይ አድርጋ ማለችልኝ።

ባለፈው ረቡዕ፣ በረመዳን 19ኛ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ደንቡን የሚያስከብሩት የመልካም ምግባር ኮሚቴ ጠባቂዎች አራት ሆነው ካነንግ ግቢ ገቡ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ማሽላ እያጠብኩ ነበር። ምንጣፍ ላይ የተሰጣውን ብቅል አገኙ። ለሚቀጥሉት ዐሥር ቀናት የሚበቃኝ ነበር። ሰዎቹ ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ አልሰደቧትም፣ አልገፈተሯትም፣ ብቅሉንም አልደፉትም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ትልቁ ጠባቂ “እናቴ፣ ይህ ለማን ነው?” ብሎ ጠየቃት።

በአጥሩ ስንጥቅ አየኋት። እሷም አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አንድ ቃል ብትናገር በዚያው ይለቋት ነበር፤ እኔም አንድ ቃል ብናገር ይለቋት ነበር። እሷ ፊቷን ከአጥሩ አዞረችና “የኔ ነው” አለች። ከዚያ በጆንያ ሲያስገቡት “በጥላ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ካገኘው ያርራል” ብላ አሳሰበቻቸው። እሺ አሏት። ይዘዋት ሄዱ። እኔ ማሽላዬን ማጠቤን ቀጠልኩ። ይህን ስናገር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬያለሁ፤ ሳጅኑ ዕረፍት ልውሰድ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ አልፈለግኩም።

በዚያ ቀን ምሽት ብቅል የሌለበት ኩኑ ይዤ መስጊድ ሄድኩ። ስኳር ጨምሬበታለሁ፣ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ሰው በትሕትና ጠጣው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን እያሹ “ዴሉ፣ ዛሬ ማንኪያ ልታድይን ይገባ ነበር” አሉኝ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ዓርብ በጁምዓ ማላም ላዋሊ በስብከታቸው፣ በተከበረው ወር ብቅል ስታበቅል የነበረች ሴት በጠባቂዎቹ ትጋት እንደተያዘች ተናገሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ አላህን አመሰገነ። እኔ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ አንገቴን ደፋሁ። ማታ ሲያፈጥሩ ማላም ቅሉን አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው አስቀመጡትና “ዴሉ፣ የድሮው ኩኑሽ የት ሄደ?” አሉኝ። እስር ቤት ነው ማለት አቅቶኝ “ማሽላው ነው” አልኩ። በጾም አፌ ዋሸሁ።

ቤቴ ስገባ ማንሱር ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከታሰረች ጀምሮ በየቀኑ ምግብ የሚወስድላት እሱ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። “እማዬ፣ ካነንግ መልእክት ልካለች” አለኝ። ወቀሳ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መልእክቱ ግን ይህ ነበር፦ “ለዴሉ ንገራት፤ ኦቾሎኒ ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ሥር በጨርቅ የታሰረ ብቅል አለ። ጠባቂዎቹ አላዩትም። ትንሽ ነው፣ ግን ቆጥባ ከተጠቀመችበት ለሃያ ሰባተኛው ሌሊት ይበቃታል። ያን ቀን ሰው ይበዛባታል።”

ሦስት ቀን በታሰረችበት ቤት ሆና የምታስበው የኔን ሃያ ሰባተኛ ሌሊት ነው። የኛን የረመዳን ታላቅ ሌሊት፣ የሷን አይደለም። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንሱርም “እማዬ፣ ያኔ እኔን እጄን ይዛ ስታመጣኝ የምትለኝን ታውቂያለሽ? ‘እናትህ ታለቅሳለች፣ ተነስ’ ነበር የምትለኝ” አለኝ። እኔ በተራገምኩባት ጊዜ ሁሉ እሷ እንዲህ ስትል ነበር። ይህን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ማላም ላዋሊ ቤት ሄድኩ። ከጀርባቸው እንዳይሆን ብዬ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ሳጅኑ የተነጋገርነውን ባጭሩ እንድናገር ቢጠይቀኝም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲሰማው ስለምፈልግ እንደሆነው ተናግሬያለሁ።

“ማላም፣ ኩኑው ለምን እንደከፋ ጠይቀውኝ ነበር” አልኩ።

“ማሽላው ነው አልሽኝ እኮ።”

“ዋሽቼ ነው። ብቅሉ ታስሮብኝ ነው።”

“የምን ብቅል?”

“እርስዎ በሕግ ያስከለከሉት።”

መቁረጫውን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ስንት ዓመት ነው?” አሉኝ።

“አሥራ አራት ረመዳን።”

“እኔም ጠጥቻለሁ?”

“እርስዎማ ሁለት ቅል ነው የሚጠጡት። ሦስተኛ የጠየቁበትም ቀን አለ።”

“ያሰክራል?”

“ማላም፣ በነዚህ አሥራ አራት ዓመታት ተራዊህ፣ የሌሊቱን ሶላት ሲያሰግዱ አንዲት ረከዓ ተሳስተው ያውቃሉ?”

አሰቡ። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ “አንድ ጊዜ” አሉ።

“እሱ እንቅልፍ ነው” አልኳቸው።

አልሳቁም። “ሕጉ ሲወጣ ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ። ማን ጠይቆኝ አልኩ። ደግሞም ፈርቼ ነው አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። “ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ልመሰክር ነው፤ እኔን ከግቢው ቢያስወጡኝም አልቀየምም፤ ልጄን የመለሰልኝ የእርስዎ ሕግ ነው” አልኳቸው። ዓይናቸውን ከጥፍራቸው ሳያነሱ “ሂጂ” ብቻ አሉኝ። ተቆጥተው ይሁን ተክዘው አላወቅኩም፤ እስካሁንም አላውቅም። ይህን ቃል የምሰጠው ያን ሳላውቅ ነው።

በቃሌ ላይ ማስረጃ እንዲሆን ሁለት ጠርሙስ ኩኑ ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ትናንት የሠራሁት ብቅል የሌለበት ነው። ሌላው ካነንግ ከጠቆመችኝ ቦታ ባወጣሁት ብቅል ዛሬ ያዘጋጀሁት ነው። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ መቅመስ አልችልም፤ በጣቢያው ያሉት ሌሎች ፖሊሶችም ጾመኞች ናቸው፤ ስለዚህ ክርስቲያን የሆነው ሳጅን ቢትሩስ እንዲቀምስ ጠየቅኩ። እሱም ለምርመራው ይጠቅማል ብሎ ተስማማ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ገለበጠው፤ አልወርድ አለው፤ የጠርሙሱን ቂጥ በመዳፉ መታው፤ ትንሽ ወረደለት፤ ዋጠና ጠርሙሱን ወደ ጎን ገፋው። ሁለተኛውን አንዴ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ከዚያ ጨረሰው። ለኤግዚቢትነት የሚቀር አልተረፈም። ይህ ባይጻፍ ሳጅኑ ይመርጥ ነበር፤ ግን እውነት ስለሆነ አስጽፌያለሁ። ኩኑው ያሰክራል የሚል ካለ፣ ሳጅኑ ከዚያ በኋላ የጻፈውን ይህን መስመር ይመልከት፤ አልተጣመመም።

የምጠይቀው ምን እንደሆነ ተጠይቄ እንዲህ መልሻለሁ። ሕጉ እንዲነሳ አልጠይቅም። እንዲነሳ የምትጠይቅ እናት ካለች ልጇ አልጠጣም ማለት ነው። ቡሩኩቱ ተከልክሎ ይቅር። ከመሀሉ ብቅል የሚለው አንድ ቃል ቢወጣልን ግን የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ እንመርቃለን። ይህም ካልተቻለ፣ ጥፋት ካለ ብቅሉን ያስበቀልኩት፣ ያስደበቅኩትም እኔ ነኝ፤ ቅጣቱን በኔ ላይ አድርጉ። ካነንግ ቾሎም የሠራችው ነገር ቢኖር ቃሏን መጠበቅ ነው። በመጽሐፏ የማለችልኝን መሐላ ዛሬ በዚህ ጣቢያ ፊት ፈትቻታለሁ።

ለዚህች ሴት ያለብኝን ውለታ በቃል አልጨርሰውም። አሥራ አራት ረመዳን ጾማችንን አስፈጠረችን፤ ማንም አላመሰገናትም፣ እኔም በወጉ አላመሰገንኳትም። ስንት ጊዜ አጥሩ ላይ ቆማ “ዴሉ፣ ዕቃሽን ውሰጂ” ብላ ልጄን በእጄ አስረክባኛለች። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ መጥቻለሁ። ዕቃዬን ስጡኝና ቤቷ ልውሰዳት።

ከላይ ያለው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። ሳጅን ቢትሩስ በምሰማው ቋንቋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦልኛል፤ ሁለት ቦታ አሳርሜዋለሁ፤ አሁን የሚቀነስም የሚጨመርም የለውም። ጾሜን ይዤ የተናገርኩት እውነት ስለሆነ የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

የምስክሯ አሻራ፦ (የቀኝ አውራ ጣት)
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ቢትሩስ ያኩቡ

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ይህ ቃል ለምስክሯ በመነበብ ላይ እያለ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማላም ላዋሊ ወደ ክፍሉ ገብተው ንባቡን እስከ መጨረሻው ቆመው አዳምጠዋል። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ንባቡ ሲያልቅ የሚከተለው በቃላቸው እንዲጻፍ ጠይቀዋል፦ “ብቅል የሚለው ቃል በደንቡ የገባው በእኔ አንደበት ነው። የማላውቀውን ሳልጠይቅ ተናገርኩ። ብቅሉን ስጠጣው የኖርኩትም እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ። ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ ከፓስተሩ ጋርም ምክር ቤቱ ዘንድ እንሄዳለን። ዴሉን ማንም ከመስጊዱ ግቢ አያስወጣትም።” ተጠርጣሪዋ እስከ ቀጠሮው ድረስ በውጭ እንድትቆይ ዋስ ሆነው ፈርመዋል።

ኤግዚቢት የሆነው ግማሽ ጆንያ ብቅል እስከ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በጣቢያው መጋዘን፣ ተጠርጣሪዋ ባሳሰበችው መሠረት በጥላ ተቀምጧል።

ዋስ፦ ማላም ላዋሊ ዳንጁማ (ፊርማ)

ለሰው ርክክብ የተዘጋጀ ቅጽ በጣቢያው ስለሌለ፣ ምስክሯ የሚከተለው በዚሁ ወረቀት ላይ እንዲሞላላት ጠይቃ ተሞልቷል።

ዕቃ፦ ካነንግ ቾሎም
ሁኔታ፦ ደኅና
ሰዓት፦ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ
ተረካቢ፦ ዴሉ ጋርባ (የቀኝ አውራ ጣት)